የማይደፈነው ቀዳዳ

የቮልሴን የግራ በር በዘጋሁ ቁጥር ከውስጡ «ጨልጥ» የሚል ድምፅ መስማት ከጀመርኩ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው። መጀመሪያ ከወንበር ሥር የተረሳ የውሃ ጠርሙስ መሰለኝና ፈለግሁ፤ የለም። ፍሬን ስይዝ ድምፁ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ስነሳ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቅዳሜ ጠዋት የመስታወቱን ማዞሪያ ፈትቼ፣ የበሩን ካርቶን አላቅቄ፣ በባትሪ ወደ ውስጥ ሳበራ ከታች የቡና አተላ የመሰለ ውሃ አቁሮ አገኘሁት። ጣቴን ብነክረው እስከ ሁለተኛው አንጓ ሰመጠ።

ያንን በር ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ሠርቶልኝ ነበር። ቀለሙ ፊት ያሳያል፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ያየው ሁሉ «የት አሠራኸው?» ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ከበሩ ታች ጠርዝ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ወጡ። ምስሩ ባቄላ አከለ። ባቄላውን በጥፍሬ ብጫነው ቀለሙ ተሰነጠቀና ቀይ ዱቄት ረገፈ። ውስጡን ለቄስ ማለት እንዲህ ነው።

ቮልስን ለአገራችን አንባቢ ማስተዋወቅ የቤት ልጅን ለጎረቤት እንደ ማስተዋወቅ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ከፊት፤ ራዲያተር የለውም፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው ዓይነት መኪና ነው። ከዚህ በላይ ታሪክ የፈለገ አባቱን ይጠይቅ። እኔ ማውራት የምፈልገው ማንም ስለማያወራለት አንድ ነገር፣ ስለ በሯ ታችኛው ጠርዝ ነው። የምለው ግን ለኮሮላ ዲኤክስም፣ ለላዳም፣ ለፔጆም ይሠራል።

ጊዜውም የአሮጌ መኪና ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ያለው ሰው ያለውን ላሜራ እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ አለበት።

ብዙ ሰው የመኪና በር ውሃ የማያስገባ ሣጥን ይመስለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መስታወቱ ወደ በሩ ሆድ የሚወርድበትን ስንጥቅ እዩት። በዳሩ ያለው ላስቲክ መስታወቱን ይጠርገዋል እንጂ ውሃውን አያግድም፤ በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጣጠቅማ መጥረጉንም ይተዋል። ዝናብ በዘነበ፣ መኪናው ላቫጆ በገባ ቁጥር ውሃ በዚያ ስንጥቅ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። በሩን የነደፉት መሐንዲሶች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ መግቢያውን ለመዝጋት አልደከሙም፤ መውጫ አበጁለት። በበሩ የታች ጠርዝ ላይ ጣት የማያስገቡ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። ውሃው ከላይ ገብቶ፣ መስታወቱን ተከትሎ ወርዶ፣ በእነዚያ ቀዳዳዎች መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ከካርቶኑ ጀርባ የሚለጠፈው ላስቲክም ሥራው ይኸው ነው፤ ውሃው ወደ ካርቶኑ ሳይዞር በቀጥታ ወደ ታች እንዲሄድ ይመራዋል። ካርቶኑን ለድምፅ ማጉያ ብለው ፈትተው ላስቲኩን ቀድደው የሚጥሉ ሰዎች ምን እንደጣሉ አያውቁም።

አሁን የአዲስ አበባን አየር አስቡት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አቧራ ነው። አቧራው በዚያው ስንጥቅ ይገባና ከታች ይተኛል። ደረቅ ቅጠል፣ የጽድ ፍሬ፣ የላስቲኩ ፍርፋሪ ይጨመርበታል። ሰኔ ሲገባ ይህ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስዊድን ወይም ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን መኪና የሚበላባቸው በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ እኛ ጨው የለንም፤ እኛን የሚበላን በሩ ውስጥ የሚከርም እርጥብ አፈር ነው። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ እንኳ ያ አፈር ለሳምንታት እንደረጠበ ይቆያል።

የበሩ አሠራር ደግሞ ለዝገት ይመቻል። የውጭው ላሜራ በውስጠኛው ክፈፍ ዙሪያ፣ የቀሚስ ጠርዝ እንደሚታጠፍ፣ ታጥፎ ይጨመቃል። በእጥፋቱ መካከል ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች። ውሃ በዚያች ክፍተት ይሳባል፤ ቀለም ግን አይደርስባትም። ላሜራው ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ እጥፋቱ ውስጥ ሲያብጥ ላሜራውን ከፍቶ ለተጨማሪ ውሃ በር ይከፍታል። ስለዚህ በውጭ ቀለም ላይ እብጠት ስታዩ ዝገቱ ገና መጀመሩ አይደለም። ዝገት እንደ ነቀዝ ነው፤ እህሉን ከውስጥ ጨርሶ ነው ቆዳውን የሚያሳያችሁ።

ወደ በሬ ልመለስ፤ የመኪናዬን በር ማለቴ ነው። የሚያርስ የለኝም። ውሃውን በጨርቅ እየመጠጥኩ ካወጣሁ በኋላ የፍሳሽ ቀዳዳዎቹን ፈለግኋቸው። የሉም። ከሥር ተንበርክኬ በመስታወት ባይ በቀለሙ ሥር ሁለት ለስላሳ ጉብታዎች አሉ። በመሮ ጫፍ ስነካቸው ግራጫ ነገር ተፈረፈረ፤ ስቱኮ ነው። ጋራዡ ጠርዙን ሲያስተካክል ቀዳዳዎቹንም እንደ ጉዳት ቆጥሮ ደፍኗቸዋል።

ይህን ይዤ ሠፈራችን ወዳለ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ሄድኩ። መዶሻ ከያዙ ዘመን ቆጥረዋል። ተንበርክከው አዩ፤ ሳቁም፣ አዘኑም። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጆሮውን የደፈኑት ሰው ነው» አሉኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት አውጥተው በጨርቅ ጠቀለሏትና በበሩ ላይ አንሸራተቷት። ከላይ ጥብቅ ትላለች፤ ወደ ታች ስትወርድ ትለቃለች፤ ጠርዙ ጋ ጭራሽ ወደቀች። «ይኼ ሁሉ ስቱኮ ነው። ላሜራ የለህም።» «ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?» ብላቸው፣ «መቁረጥ ነዋ! የሞተ ሥጋ ላይ ፋሻ ይጠቀለላል?» አሉኝ። አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ያቺን ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊቱ ከተለዋወጠ ዋጋውን ለመቀነስ ሌላ ክርክር አያስፈልጋችሁም።

ስቱኮን መስደቤ አይደለም። ስቱኮ ፖሊስተር ሙጫና ታልክ የተባለ የድንጋይ ዱቄት ድብልቅ ነው፤ ጤነኛ ላሜራ ላይ የቀረን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ ለማለስለስ የሚተካከለው የለም። ቀዳዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ጀርባው ለበሩ እርጥበት ተጋልጦ ይቀመጣል፤ ውሃ ይስባል፤ የሳበውን ውሃ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ቀዳዳን በስቱኮ መድፈን ለዝገት እርጥብ ፍራሽ ማንጠፍ ነው። በሽቦ ወንፊት፣ በጋዜጣ፣ በስፖንጅ ጠቅጥቀው ከላይ ስቱኮ የሚቀቡትንም አይቻለሁ። ገንዘብ ተቀብሎ ይህን የሚሠራ ሰው ለማን እንደሚናዘዝ አላውቅም።

ከብየዳው በቀር የመቁረጡና የመጠገኑ ሥራ ትዕግሥት ላለው ሰው በቤት ይሠራል። ቀለሙን እስከ ጤነኛው ብረት ፍቁ፤ ዝገቱ ካበቃበት ሁለት ጣት አልፋችሁ ቁረጡ። ካርቶን ቀድዳችሁ ልክ አውጡ። ለመጣፊያ ከሁሉ የሚሻለው ከሌላ ቮልስ በር የተቆረጠ ላሜራ ነው፤ ኩርባው አብሮ ይመጣል። ሶማሌ ተራ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ምናለሽ ተራ ከተዘረጋ በርሜል የሚቆረጥ ላሜራ አለ፤ ይወፍራል፤ ግን ይሠራል። «ብረትን እንደጋለ ቀጥቅጠው» የሚለው ተረት እዚህ አያገለግልም፤ የበር ላሜራ የሚቀጠቀጠው በቀዝቃዛው፣ ከኋላው ብረት ተደግፎ፣ በብዙ ቀላል ምት ነው። በኃይል የመታው ላሜራውን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ላሜራ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ክዳን «ቷ ቷ» እያለ ይኖራል።

ብየዳውን ለባለሙያ ስጡ። ስትሰጡ ግን ቆማችሁ እዩ። የኦክስጅን ነበልባል ለቀጭን ላሜራ ይበዛል፤ ያኮማትረዋል። በነጥብ በነጥብ፣ አንዱን ከቀኝ ዳር፣ ቀጣዩን ከግራ ዳር፣ በመካከሉ እያቀዘቀዙ መበየድ ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድማችሁ ንቀሉ፤ መስታወቱንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ቀልጦ ይጣበቃል። እኔ ሳልሸፍን ቀርቼ የፊት መስታወቴ ላይ በነጋ በጠባ የማያቸው ጥቃቅን ጠባሳዎች አሉ።

ከዚያ በኋላ ስቱኮ በስሱ። ማድረቂያው በክብደት ከመቶ 2 ገደማ ይበቃል። መሸብኝ ብሎ ማድረቂያ የሚያበዛ ሰው በቶሎ የሚደርቅ ስቱኮ ያገኛል፤ ከወር በኋላም በቀለሙ ላይ ብቅ የሚል እድፍ ያገኛል። ብርጭቆ ወረቀት ከ80 ጀምሮ፣ 180፣ 320። ስቱኮው እርቃኑን ሳለ በውሃ አትፈግፍጉት፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። አቧራ መከላከያ አድርጉ፤ የጥንት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ማድረቂያ የሚጨመርበትን ቀለም ግን በጓሮ አትርጩ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

አንድ ወቀሳ አለኝ። ፕራይመር ቀብተው «ቀለሙን ለፋሲካ እናደርሰዋለን» ብለው ክረምቱን ሙሉ ግራጫ መኪና የሚነዱ ሰዎች ሞልተዋል። ተራ ፕራይመር ቀለም እንዲይዝ የተሠራ መደላድል ነው፤ እርጥበት ያሳልፋል። ቀለም መቀባት ካልቻላችሁ ዝናቡ እስኪያልፍ ከነአካቴው አትጀምሩ።

ቀለሙ ሲደርቅ፣ ከዚያ በፊት ሳይሆን፣ የእጥፋቱን ውስጥ በዘይት ወይም በቀለጠ ሰም አጠጡት። ዘይቱ ከቀለም ከቀደመ ቀለሙ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል። ዘይቱን ስታጠጡ የፍሳሽ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን እዩ።

በጓሮ የማይሠራም አለ። በቮልስ ከበሩ ሥር በጎን የሚያልፈው ባዶ አካል ከሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ፊት ያመጣል፤ የመኪናውን ጎንም የሚሸከመው እሱው ነው። እሱ ከበሰበሰ፣ ወይም ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል በአሲድ ከተበላ፣ ማጣበቂያና ስቱኮ ይዛችሁ አትጠጉ። በር ቢበሰብስ ያሳፍራል፤ ይኼኛው ቢበሰብስ ይገድላል።

የእኔ በር አሁን ሦስት ክረምት አልፎታል። ከቅርብ ላየው ሰው መጣፊያው ይታያል፤ የጋራዡን ያህል አያምርም። ግን ደረቅ ነው። ባትላሜራው ሽማግሌ አንድ ቀን በመንገድ አስቁመውኝ ተንበርክከው ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱና «ይተነፍሳል» ብለው ሄዱ።

እናንተም ግንቦት ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ከመጥረጊያ አንድ ሰንበሌጥ ንቀሉ፤ ሽቦ ቀለም ይፍቃል። በየበሮቻችሁ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች በሰንበሌጡ ጎርጉሩ። ከዚያ መስታወቱ ዳር ላይ አንድ ኩባያ ውሃ በቀስታ አፍስሱና ታች ተመልከቱ። ውሃው ወዲያው መሬት ላይ ካልታየ በራችሁ ይዞታል።