ጣውላና ሻንሲ፦ የአሮጌ ጭነት መኪና ካሶኒ አሠራር

ካሶኒ ከጭነት መኪና ጋቢና ኋላ የሚቀመጥ፣ ወለልና በማጠፊያ የሚከፈቱ የጎን መከለያዎች ማለትም ስፖንዳዎች ያሉት የጭነት መያዣ ሲሆን፣ ከሥሩ የሚሸከመው ሻንሲ ደግሞ ሁለት ረጃጅም የብረት ወራጆች በአግዳሚ ብረቶች ተሳስረው የሚሠሩት የመኪናው መሠረት ነው። ስለ ጭነት መኪና የሚያወራ ሰው ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ባሌስትራውን አንሥቶ አይጠግብም፤ ካሶኒውን ግን በእጁ መዶሻ የያዘ ሁሉ ሊሠራው እንደሚችል ሣጥን ይቆጥረዋል። በአሮጌ መኪኖች ላይ ከሚታየው ጉዳት ብዙው የሚመነጨው ከዚሁ ንቀት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ትሬንታ ኳትሮ የተባለው ፊያት 634፣ ከነጻነት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1952 መመረት ከጀመረው የፊያት 682 ዘር የወጣው ኤንትሬ፣ የኢትዮጵያን ዳገትና ቁልቁለት ሲወጡና ሲወርዱ ብዙውን ጊዜ ጭነታቸው ያረፈው በእንጨት ወለል ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 አምቼ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የፊያት መኪኖችን መገጣጠም ከጀመረ በኋላም ሆነ፣ አይሱዙ ጋቢናና ሻንሲ ብቻ ሆኖ እየመጣ ካሶኒው በአገር ውስጥ በሚሠራለት በአሁኑ ጊዜ፣ ሥራው የአናጢውና የበያጁ ሆኖ ቀጥሏል፤ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ የሚሠራለት ቅጥቅጥ አውቶቡስም ከዚሁ ሙያ የወጣ ነው።

ይህን ሙያ ለመመርመር በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ከምትገኘው ከይፋግ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ይፋግ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጣና ዙሪያ ከነበሩት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ስለ ነበረች፣ አሞሌ ጨው በጋማ ከብት ጀርባ እየተጫነ ይገባባት ነበር፤ ዛሬ በደጃፏ የሚያልፈው ሸክም ግን ከፎገራ ሜዳ የተነሣ ሩዝ፣ ሽንኩርትና የፎገራ ከብት ነው። መኪናው ሩዙን የሚጭነው ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ በክረምት በሚያብጠውና በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ፣ ጋሪና ትራክተር የቆፈሩትን ጎድጓዳ መንገድ ተከትሎ ገብቶ ነው። የካሶኒ ጥሩነትና መጥፎነት የሚለየውም በአስፋልት ላይ ሳይሆን በዚህ መንገድ ላይ ነው።

የወለሉ አሠራር ብዙ ማብራሪያ አይሻም፤ በሻንሲው ርዝመት ሁለት ወራጆች ይዘረጋሉ፣ በላያቸው አግዳሚዎች ይደረደራሉ፣ በአግዳሚዎቹ ላይ ደግሞ ጣውላው ከጋቢናው ወደ ኋላ በርዝመቱ ይነጠፋል።

ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ካሶኒው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበት መንገድ ነው፤ በየጋራዡ ሥር የሰደደው የተሳሳተ እምነት፣ ካሶኒ የሚጠነክረው ከሻንሲው ጋር ተበይዶ አንድ አካል ሲሆን ነው የሚለው፣ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሻንሲ ፍጹም ግትር ሆኖ የተሠራ ነገር አይደለም። የግራው የፊት ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድና የቀኙ የኋላ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ ሻንሲው በመጠኑ ይጠማዘዛል፤ ይህም አራቱም ማዕዘን መሬት እንዲረግጥ ባሌስትራውን የሚያግዝ ባሕርይ እንጂ የእርጅና ምልክት አይደለም። ካሶኒው በብየዳ የተጣበቀበት ሻንሲ ግን በፈለገው መጠን መጠማዘዝ ስለማይችል፣ የተከለከለው እንቅስቃሴ ሁሉ በብየዳው ጫፍ ላይ ይከማቻል።

ነገሩን የሚያከፋው ብየዳው የሚያርፍበት ቦታ ነው። የሻንሲ ወራጅ ተቆርጦ ቢታይ አንድ ቋሚ ገጽና ከላይና ከታች የታጠፉ ሁለት ከንፈሮች አሉት። ጭነት ሲያርፍበት የላይኛውና የታችኛው ከንፈር አንዱ ሲጨመቅ ሌላው ሲለጠጥ ትልቁን ኃይል ይሸከማሉ፤ በቋሚው ገጽ ወገብ ላይ ግን ከመጉበጥ የሚመጣው ጫና ከሞላ ጎደል የለም። በያጁ ለእጁ የሚመቸውን የላይኛውን ከንፈር ሲመርጥ፣ የብየዳው ሙቀት በፋብሪካ ለብረቱ የተሰጠውን ጥንካሬ ጫናው በበረታበት ቦታ ላይ ያበላሸዋል፤ ከብየዳው ጠርዝም በቀለምና በጭቃ የተሸፈነ ቀጭን ስንጥቅ ተነሥቶ በየጉዞው ወደ ቋሚው ገጽ ይወርዳል። ቀዳዳ የግድ ሲያስፈልግ በቋሚው ገጽ ላይ በትራፓኖ መበሳት ይቻላል፤ ከንፈሩን መብሳት ወይም በእሳት መቅደድ ግን ምንም ዓይነት ጥድፊያ ምክንያት የማይሆንለት ጥፋት ነው።

ትክክለኛው አሠራር በሻንሲው ወራጅና በካሶኒው ወራጅ መካከል፣ በርዝመታቸው ሁሉ፣ ጠንካራ የእንጨት ንጣፍ ማስገባት ነው። ይህ ንጣፍ ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋጭ ያደርጋል፣ ከሻንሲው ላይ ብቅ ያሉትን የሪቬት አናቶች በተጠረበለት ጎድጓዳ ይውጣል፣ ጭነቱንም በአንዲት ነጥብ ከማረፍ አድኖ በርዝመቱ ያዳርሳል። ከጋቢናው በኩል ያለው የንጣፉና የወራጁ ጫፍ በድንገት ተቆርጦ አይቀርም፤ ቀስ እያለ እየሳሳ ሊጠረብ ይገባል፤ አለዚያ ደንዳናው ጫፍ ሻንሲውን ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ እየጫነ በዚያው ያደክመዋል። ማሰሪያው ባሌስትራን ከአክስል ጋር እንደሚያስረው ያለ ባለ ሁለት እግር ጎባጣ ቡሎን ሲሆን፣ ሲጠብቅ ከንፈሮቹን እንዳያጣምም በወራጁ ቦይ ውስጥ የእንጨት ድጋፍ ይገባለታል፤ ማርሚታው በሚያልፍበት ቦታ ግን እንጨቱ ሊቃጠል ስለሚችል ድጋፉ ከብረት ይሠራል። የፊተኛው ማሰሪያ በሞላ ተደግፎ ትንሽ እንዲላወስ ሲፈቀድለት፣ የኋለኛው በቋሚው ገጽ ላይ በቡሎን በታሰረ ሳህን ብረት ስለሚጸና፣ ፍሬን ሲያዝ ካሶኒው ወደ ጋቢናው አይንሸራተትም። አዲሱ እንጨት በጭነት ስለሚታመቅ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ዳዶዎቹን ዳግመኛ ማጥበቅ የሥራው አካል ነው፤ ይህን ሳይነግር መኪናውን የሚያስረክብ ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

ለወለል የሚሆነውን እንጨት በተመለከተ፣ ዋንዛ ለቤት ዕቃ የሚፈለግ ውድ እንጨት በመሆኑ ለእግርና ለጆንያ መረማመጃ ማድረጉ አይመከርም፤ ጥድ ምስጥንና ብስባሴን ቢቋቋምም በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ከባድና ጠንካራ ሆኖ ሳለ በእርጥቡ ከተነጠፈ ይጣመማል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን በግልጽ ይጠባል፤ ስለዚህ ጣውላው በመካከሉ ነፋስ እንዲገባ ተደርድሮ በጥላ ሥር ሊደርቅ ይገባል። በደንብ ለደረቀ ጣውላ ደግሞ በክረምት ስለሚያብጥ በመካከሉ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ይህን ክፍተት የአናጢ ስንፍና አድርገው የሚነቅፉ ባለመኪኖች፣ አጥብቀው ያስገጠሙት ወለል በመጀመሪያው ክረምት ተገፋፍቶ ሲነሣባቸው ያዩታል። ጣውላው ሲነጠፍ ቀድሞ ወደ ግንዱ እምብርት የነበረው ገጽ ወደ ላይ ይሁን፤ ሲደርቅ መካከሉ ወደ ላይ ስለሚጎብጥ ውኃ አይቋጥርምና።

በጣውላው ላይ ላሜራ ማልበስ የተለመደው ወለሉን ዘመናዊ ያደርጋል ተብሎ ነው። ሆኖም የዝናብ ውኃና የከብት ሽንት በላሜራው ጠርዝና በቡሎን ቀዳዳ ገብተው መውጫ ስለሚያጡ እንጨቱ ከሥር ይበሰብሳል፤ ከላይ ያለው ብረት ግን ማንም ሳያውቅ ወለሉን ጤነኛ አስመስሎ ያቆየዋል። ላሜራ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ በእርሱ ላይ የቆመ የፎገራ በሬ በይፋግ መታጠፊያዎች እግሩን መትከያ ሲያጣ፣ በሻካራው ጣውላ ላይ ግን ይረግጣል። ሩዝ በክፍተቱ እንዳይፈስ ሸራ ማንጠፍ ይበቃል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጣውላው ላይ መቀባት ሌላው ሊወገድ የሚገባው ልማድ ነው፤ የሰው ምግብ የሚጫንበትን ወለል በዚህ ዘይት የሚያረካ ሰው፣ ሽታውንና ቆሻሻውን ወደ ጆንያው እያሻገረ ነው። የተልባ ዘይት በነፋስ የሚደርቅ በመሆኑ በስሱ ደጋግሞ ሲቀባ እንጨቱን ከእርጥበት ይጠብቃል፤ የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ እስኪደርቅ መሰጣት አለበት። ጣውላውን ከአግዳሚው ጋር የሚይዘውም ምስማር ሳይሆን፣ አናቱ ከወለሉ ገጽ በታች የገባ ቡሎን ይሁን፤ ዳዶው ከሥር ቁልፍ በሚደርስበት በኩል ከተቀመጠ፣ የተሰበረው አንድ ጣውላ ብቻ ሌሎቹ ሳይነኩ ተፈትቶ ይለወጣል።