ተጨማሪ መረጃ፦ ከፍንዳታው በፊት የተሠራ ሥራ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2013 አትሌት ሌሊሳ ዴሲሳ የቦስተን ማራቶንን አሸንፎ ከገባ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ካለፈ በኋላ፣ በውድድሩ ማብቂያ አቅራቢያ ሁለት ቦምቦች ፈነዱ። 3 ሰዎች እዚያው ሞቱ፤ ከ260 በላይ ቆሰሉ። ሆስፒታል ከደረሱት ግን አንድም አልሞተም።

የፈረቃ መለወጫ ሰዓት ተቃርቦ ስለነበር በሆስፒታሎቹ ብዙ ባለሙያ መገኘቱ ዕድል ነው። ዋናው ምክንያት ግን ልምምዱ ነው። ከተማዋ ማራቶኑን ብዙ ታካሚ እንደሚጎርፍበት ቀን ቆጥራ በየዓመቱ ትዘጋጅበት ነበር። ለደከሙ ሯጮች የተተከለው የሕክምና ድንኳን በደቂቃዎች ውስጥ ቁስለኞችን በጉዳታቸው ክብደት መለያ ጣቢያ ሆነ። አምቡላንሶችም ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ ሳይወስዱ ለበርካታ ሆስፒታሎች አከፋፈሏቸው።

ውጤቱ ቢያምርም ግምገማው አልቀረም፤ መቅረትም አልነበረበትም።

ደም ለማቆም ጥቅም ላይ የዋሉት ማሰሪያዎች ከቀበቶና ከጨርቅ የተሠሩ እንደነበሩ ታየ፤ እንዲህ ያለው ማሰሪያ በደንብ ካልጠበቀ የደም መፍሰሱን ሊያባብስ ይችላል። በብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ደግሞ ማንነታቸው ያልታወቀ ቁስለኞች በተቀራራቢ ቁጥሮች በመመዝገባቸው፣ የአንዱ መረጃ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል አስግቶ ነበር። ሆስፒታሉ በኋላ የቀለም ስምን ከጾታና ከቁጥር ጋር ያጣመረ ጊዜያዊ መጠሪያ አዘጋጀ።