ባቡሩ ትእዛዝ የሚሰማው እንዴት ነው?

በዚህ ቡለቲን ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ፕሮግራምና ስለ ፕሬስ ሕግ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሞዴል ባቡር የሽቦ ዝርጋታ ነው። «ይሄ ከጋዜጠኝነት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ጫጫታ፣ ተቀባይ እያልን የሸመደድነው የሻነንና የዊቨር ሞዴል እኔን በትክክል የገባኝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ባለፈው ክረምት በአጎቴ ሰርቪስ ቤት ነው። እግረ መንገዴንም ሰርቪስ ቤቱን ላቃጥለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አጎቴ፣ እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ድሬዳዋ የባቡር ጡሩምባ እየሰሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ጀርመን አገር ረጅም ዘመን ኖረው ሲመለሱ ከዕቃቸው ሁሉ አስቀድመው የፈቱት ሁለት ሣጥን ሙሉ ትንንሽ ባቡር ነበር። መጠናቸው ኤችኦ የሚባለው ነው፤ ማለትም ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ሲሆን በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጋሼ በሰርቪስ ቤቱ ሦስት ግድግዳዎች ላይ መደርደሪያ አሠርተው ሐዲዱን ዘረጉ። መሐል ላይ ሁለት ባቡር የሚተላለፍበት ጣቢያ አለ፤ በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ባቡሩ ዞሮ የሚመለስበት ክብ። ዓይናቸው ለቀጭን ሥራ እምቢ ስላላቸው ከመደርደሪያው ሥር ያለውን የሽቦ ሥራ ለእኔ ሰጡኝ። ለእንቁጣጣሽ የሰፈሩን ልጆች ጠርተው እንደሚያሳዩ ቃል ገብተው ስለነበር ቀኑም ተቆርጦልኛል።

ድሮ እንዴት ነበር?

በቀድሞው አሠራር ከሐዲዱ ጋር የሚገናኘው ከ0 እስከ 12 ቮልት የሚሰጥ መቆጣጠሪያ ነው። ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀንስ ይዘገያል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይሄዳል። በጣም ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ባቡሩ ሁለት ሲሆን ነው። ሁለቱም ከአንድ ሐዲድ ስለሚጠጡ አንዱን ላንቀሳቅስ ስትሉ ሁለቱም ይነሳሉ። መፍትሔው ሐዲዱን እየቆራረጡ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ማበጀት ነበር። ሐዲዱ በረዘመ ቁጥር ማብሪያ ማጥፊያው ይበዛል፤ ከሥር ያለው ሽቦም የሸረሪት ድር ይመስላል። በአጭሩ በዚያ አሠራር የሚታዘዘው ሐዲዱ እንጂ ባቡሩ አልነበረም።

የዲጂታሉ ዘዴ ይህንን ገለበጠው። መሠረቱን የጣለው የጀርመኑ ሌንዝ ኤሌክትሮኒክ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጋራ ደረጃ አድርጎ አወጣው። ዲሲሲ ይባላል። የጋራ ደረጃ በመሆኑ የአንዱ ፋብሪካ ባቡር በሌላው ፋብሪካ መቆጣጠሪያ ይታዘዛል።

ትእዛዙ የት ነው ያለው?

በዲሲሲ ሐዲዱ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ለኤችኦ ወደ 15 ቮልት ይሆናል። ባቡሩ ቢሄድም ቢቆምም ያው ነው። ነገር ግን ይህ ኤሌክትሪክ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን እጅግ በፍጥነት እየገለባበጠ ነው የሚፈሰው። መልእክቱም ያለው እዚያ መገለባበጥ ውስጥ ነው። የሰከንድ አንድ ሚሊዮነኛ ማይክሮ ሰከንድ ይባላል። እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮ ሰከንድ ከቆየ «1» ተብሎ ይነበባል፤ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ «0» ነው። ኤሌክትሪኩም መልእክቱም በእነዚያው ሁለት ብረቶች አብረው ይጓዛሉ ማለት ነው።

አንድ ትእዛዝ ሲላክ መጀመሪያ የ1 ቁጥሮች ድርድር ይመጣል። «ስሙ!» እንደማለት ነው። ቀጥሎ የባቡሩ አድራሻ ይመጣል፤ አዲስ ባቡር ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አድራሻው 3 ነው፣ ባለቤቱ በኋላ ይቀይረዋል። ከዚያ ትእዛዙ ራሱ ይከተላል፤ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ፣ በምን ያህል ፍጥነት። በመጨረሻ ከአድራሻውና ከትእዛዙ ተሰልቶ የተገኘ ማረጋገጫ ቁጥር አለ። በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ያለችው ዲኮደር የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ይህንን ሁሉ ታነባለች። አድራሻው የእሷ ካልሆነ ትተወዋለች። የእሷ ሆኖ ማረጋገጫው ካልገጠመም ትጥለዋለች እንጂ «እንዲህ ለማለት ፈልገው ይሆናል» ብላ አትሠራበትም። ማዘዣውም ትእዛዞቹን በሰከንድ መቶ ያህል ጊዜ ደጋግሞ ስለሚልክ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል።

እንግዲህ ላኪው ማዘዣው፣ ተቀባዩ ዲኮደሩ፣ መስመሩ ሽቦውና ሐዲዱ፣ ጫጫታው ደግሞ በሐዲዱ ላይ ያለው አቧራና የላላ መገናኛ ሁሉ ነው።

የእኔ ጥፋት

ጋሼ ሥራውን ሲሰጡኝ የነገሩኝ ነገር ግልጽ ነበር። ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘረጋሉ፤ አውራ መስመር እንበላቸው። ከእነሱ ላይ በየሜትሩ ቀጭን ቅርንጫፍ ሽቦ እየወጣ ሐዲዱ ላይ ይበየዳል። እኔ ግን ሰነፍኩ። «ሐዲዱ ራሱ ብረት አይደል እንዴ? ኤሌክትሪኩን እሱ ይወስደዋል» አልኩ። ለአውራ መስመር እቤት የተረፈ የስልክ ሽቦ ተጠቀምኩ፤ ቅርንጫፍም ያወጣሁት ሦስት ቦታ ብቻ ነው። በተረፈ ሐዲዱን ከሐዲድ የሚያያይዙትን ትንንሽ ብረቶች አመንኩ። ባቡሩ ሄደ። ደስ አለኝ።

«ሳንቲሟን ሞክረሃታል?» አሉኝ ጋሼ።

«አዎ ጋሼ።»

የሳንቲም ፈተና ማለት ሁለቱን የሐዲድ ብረቶች በሳንቲም አገናኝቶ ሆን ብሎ ሾርት ማድረግ ነው። ወደ ሐዲዱ ኃይል የሚልከው መሣሪያ፣ ቡስተር ይባላል፣ ወዲያውኑ መቁረጥ አለበት። እኔ የሞከርኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እዚያው ቡስተሩ አጠገብ። ቆረጠ። ሩቁን ጫፍ አልነካሁትም። ግን አዎ አልኳቸው።

በጳጉሜን የመጨረሻ ማታ፣ 7 ሜትር ርቀት ላይ ባለው የሐዲድ መቀያየሪያ ላይ ቀይዋ ሎኮሞቲቭ ከመስመር ወጣች፤ የብረት ጎማዋም ሁለቱን ሐዲዶች አገናኘ። ቡስተሩ አልቆረጠም። እኛ ከሌላው ጫፍ ሆነን «ምን ነካት?» ስንል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ጋሼ ሮጠው ሶኬቱን ነቀሉት። ሐዲዱን የያዘው ፕላስቲክ መገናኛው ላይ ቀልጦ ነበር፤ የቀይዋም የታችኛው ጎን ጎብጧል።

ቡስተሩ ለምን አልቆረጠም? ሒሳቡን ኤሌክትሪካል የሚያጠና የዶርም ጓደኛዬ ነው የሠራልኝ። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ የስልክ ሽቦ በየሜትሩ 0.088 ኦም ያህል የኤሌክትሪክ መቋቋም አለው። ሄዶ መመለሻው 14 ሜትር ስለሆነ 1.2 ኦም ሆነ ማለት ነው። የላሉት መገናኛዎች ሲጨመሩ በጠቅላላው 3.5 ኦም ደረሰ እንበል። 15 ቮልት ለ3.5 ሲካፈል 4.3 አምፒር ይሆናል። ቡስተራችን የሚቆርጠው ደግሞ ከ5 አምፒር ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ለቡስተሩ ሾርት አልተፈጠረም፤ ብዙ ባቡር አብሮ የሚሄድ ነው የመሰለው። በዚህ መሐል ከ60 ዋት በላይ ሙቀት፣ የአንድ መበየጃ ካውያ ያህል ማለት ነው፣ በሽቦውና በላሉት መገናኛዎች ላይ እየፈሰሰ ነበር። የአደጋው ምልክት የሚተላለፍበት መስመር ደካማ ስለነበር አደጋው ለሚመለከተው አልደረሰም።

ማታውኑ ለጋሼ እውነቱን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ሽቦው መቅጠኑ አይደለም የከፋኝ፤ አዎ ማለትህ ነው» አሉኝ። በማግስቱ ልጆቹ አበባ ይዘው መጡ። ጋሼ በር ላይ ቆመው «ባቡሩ ታሟል፣ ለመስቀል ኑ» አሏቸው። ማን እንዳሳመመው አላወሩም።

በትክክል ሲሠራ

ሁለተኛውን ዝርጋታ የሠራሁት ከአንደኛው ተምሬ ነው። የእኛን ዓይነት ሥራ ለሚጀምር ሰው በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ አውራ መስመሩ ወፍራም ይሁን። እኛ ቤት ውስጥ ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ሽቦ ገዛን። 14 ሜትሩ 0.1 ኦም ያህል ብቻ ነው ያለው። በ3 አምፒር ጭነት የስልኩ ሽቦ ከ15ቱ ቮልት 3.7 ያህሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ይኸኛው ግን 0.3 ብቻ። ሁለቱን ሽቦዎች ላላ አድርጎ እርስ በርስ መጠምዘዝም ምልክቱ እንዳይበላሽ ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ቀለም ለይቶ በዚያው መጽናት። ለእኛ ቀዩ ሁልጊዜ ወደ ግድግዳው በኩል ላለው ሐዲድ፣ ጥቁሩ ወደ ክፍሉ በኩል ላለው ነበር። አንድ ቦታ ከተሳሳታችሁ ቀይና ጥቁሩ በሐዲዱ በኩል ይገናኛሉ፤ በቃ ሾርት ነው።

ሦስተኛ፣ በየሜትሩ፣ ቢቻል ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ፣ አጭር ቅርንጫፍ ሽቦ አውጥቶ መበየድ። ሐዲድ ማያያዣ ብረቶቹ ሐዲዱን ለመያዝ እንጂ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ አይታመኑም፤ ይላላሉ፣ ይዝጋሉ። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ እንደበየዳችሁ ወዲያው ፈትሹ። ሁሉንም ጨርሳችሁ ስሕተት ብትፈልጉ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትፈልጉት።

አራተኛ፣ ዞሮ የሚመለሰውን ሐዲድ ለብቻው መነጠል። ባቡሩ በክቡ ዞሮ ወደ መጣበት ሲመለስ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይገናኛል፤ ይህ ያለ ማንም ጥፋት የሚፈጠር ሾርት ነው። ስለዚህ የክቡ መግቢያና መውጫ ላይ ሁለቱም ብረቶች ተቆርጠው በፕላስቲክ ማያያዣ ይለያያሉ፤ ውስጡም ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን በራሱ በሚገለብጥ መሣሪያ ይመገባል። የተነጠለው ክፍል ከባቡሩ መርዘም አለበት። «ሲገለበጥ ባቡሩ ወደ ኋላ አይሄድም ወይ?» ትሉ ይሆናል። አይሄድም። በዲሲሲ አቅጣጫው ያለው በትእዛዙ ውስጥ ነው እንጂ በሽቦው አይደለም። ይህንን ክፍል ጋሼ ቀድመው ራሳቸው ስለሠሩት ተረፍኩ።

አምስተኛ፣ ሐዲዱ ትልቅ ከሆነ ለሁለትና ለሦስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ብሬከር ማድረግ። አንድ ቦታ ሾርት ሲፈጠር ሌላው አገር ሰላም ይውላል።

ስድስተኛ፣ የድሮውን ዓይነት መቆጣጠሪያ ከዲጂታሉ ጋር በአንድ ሐዲድ ላይ በጭራሽ አለማገናኘት። ባለ 220 ቮልቱን ጎን ደግሞ አትክፈቱት፤ በፋብሪካ የተሠራ መቀየሪያ ተጠቀሙ።

ሰባተኛና ዋናው የሳንቲም ፈተናው ነው፤ በሁሉም ቦታ፣ በተለይ ከቡስተሩ በጣም በራቀው ጫፍ። እኔ በአንድ ብር ሳንቲም በየግማሽ ሜትሩ እያስቀመጥኩ ሞከርኩ። ጋሼ ቡስተሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው መብራቱን ያያሉ። «ቆረጠ» ይላሉ፣ እኔ ወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ፣ እቀጥላለሁ። ሁለት ቦታ ላይ «አልቆረጠም» አሉኝ። ሁለቱም በደንብ ያልተበየዱ ቅርንጫፎች ነበሩ። እንደገና በየድኳቸው።

ለመስቀል ልጆቹ መጡ። ሁለት ባቡሮች መሐል ጣቢያው ላይ ተላለፉ፤ አንዱ ወደ በሩ፣ አንዱ ወደ መስኮቱ። ቀይዋ ግን ጎኗ እንደጎበጠ መደርደሪያው ላይ ቆማለች፤ ጋሼ «አትጠገን» ስላሉ ነው። ልጆቹ «ይቺስ ምን ሆና ነው?» ሲሏቸው ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ነገርኳቸው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ መልእክት ተላከ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም። መድረሱ የሚታወቀው ሩቁ ጫፍ ድረስ ሄዶ ሲታይ ነው። እዚያ ሳትሄዱ «አረጋግጠሃል ወይ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ «ገና ነው» ማለት አያሳፍርም። እኔ ይቺን ሁለት ቃል ባለማለቴ ልጆቹ እንቁጣጣሽን ያለ ባቡር አሳለፉ።

ቸር እንሰንብት።