ማስጠንቀቂያና መደራጀት

የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሕይወት የሚያድነው የተደራጀ ሕዝብ ተቀብሎ በሥራ ሲተረጉመው ነው። ለዚህም የባንግላዴሽ ተሞክሮ ተጨባጭ ማስረጃ ነው።

ያች አገር ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አውሎ ነፋስ ያስነሣው የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300,000 ያህል ሕዝብ ፈጅቷል። የነፋሱ መቃረብ በራዲዮ ተነግሮ ነበር። ዳሩ ግን የሰማው ድኻ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ መጠጊያ አልነበረውም።

ከዚህ መራራ ትምህርት በመነሣት በ1972 በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞችን ማደራጀት ተጀመረ። መሣሪያቸው የድምፅ ማጉያ፣ በእጅ የሚዞር ሳይረንና የምልክት ባንዲራ ነው፤ አደጋው በቀረበ መጠን የባንዲራው ቁጥር ስለሚጨምር ፊደል ያልቆጠረውም ይረዳዋል። ሆኖም መጠለያው ገና ጥቂት ስለነበር በ1991 ወደ 140,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ በ2007 ሲመታ ግን የሟቾቹ ቁጥር ወደ 3,400 ገደማ ዝቅ ብሏል። ለልዩነቱ ዋነኛው ምክንያት የሕዝቡ መደራጀትና የመጠለያው መስፋፋት ነው።

በአገራችንም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ጎርፉን ያመጣው ከከተማይቱ በላይ ባለው ደጋ የጣለው ዝናብ ነው። ውኃው ከደጋው እስኪወርድ ያለው ጊዜ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ ቀበሌ፣ ዕድርና የፋብሪካ ፈረቃ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ሌሊት ጎረቤቱን ማን ይቀሰቅሳል? አረጋዊውንና ሕመምተኛውን ማን ይሸከማል? ወደየትኛው ከፍታስ ይወሰዳሉ? መልሱ ክረምቱ ሳይገባ በየስሙ ተጽፎ ሊለማመዱት ይገባል።