ዶላር በባንክ ሲጨምር ስልክ ለምን ይወደዳል?

"ስልኩ የሚመጣው በጥቁር ገበያ ዶላር ከሆነ የባንክ ምንዛሬ ምን አገባው?" ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ።

ግን ያ የ57 ብር ዶላር ለብዙዎች በወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ባንክ ወረፋ ይዞ ያልደረሰው አስመጪ ከጥቁር ገበያ በእጥፍ ገደማ ይገዛ ነበር፤ ስልኩንም የሚሸጥልን በዚያው አስልቶ ነበር። ስለዚህ "ባንክ ጨመረ" ተብሎ ብቻ የስልክ ዋጋ እጥፍ የሚሆንበት ምክንያት የለም። እንዲህ የሚላችሁ ሻጭ ካለ ተከራከሩት።

ቀረጡ ላይ ግን እውነቱን ነው። ጉምሩክ የሚያሰላው በባንክ ምንዛሬ ነዋ! የ100 ዶላር ስልክ ድሮ 5,700 ብር ተብሎ ይቀረጥ ነበር፤ ዶላር 120 ብር ሲገባ 12,000 ተብሎ ይቀረጣል። የቀረጡ ፐርሰንት ሳይነካ የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ያንን ደግሞ አስመጪው ከኪሱ አይከፍልልንም።

ነዳጅ ለየት ይላል። ድሮም የሚገዛው በባንክ ዶላር ስለነበር ጭማሪው በቀጥታ ያርፍበታል። መንግሥት በድጎማ ይዞት ቆይቶ የማደያውን ዋጋ ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገው፤ የታክሲው ሒሳብም አብሮ ወጣ።