የእርሳሱ ባለቤትና የመቅረጫው ባለቤት

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፎቶግራፍ በአሜሪካ የታወቀ ጥበብ ቢሆንም፣ የሚጋልበውን ፈረሰኛ ለማንሣት ፍጥነቱ ስላልደረሰ፣ የተነሣውንም ከፊደል ጋር አዋሕዶ በጋዜጣ ማተም ገና ስላልተቻለ፣ ሕዝቡ የእርስ በርሱን ጦርነት፣ የከተሞቹን ግርግርና የሩቁን ምዕራብ ተራሮች የሚያየው ሠዓልያን በነደፉለት፣ ቀራጮችም በእንጨት ላይ በቀረጹለት ሥዕል ነበር።

በለንደን የተወለደው አልፍሬድ ዎድ «ሃርፐርስ ዊክሊ» ለተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ እየሠራ፣ የሰሜኑን ጦር ተከትሎ በ1863 የጌቲስበርግን ውጊያ በዐውደ ግንባሩ ተገኝቶ ሥሏል። እንዲህ ያለው ሠዓሊ በእርሳስ ፈጥኖ ይነድፋል፤ ብርሃን የሚያርፍበትን በነጭ ቀለም ይነካካል፤ ጊዜ ያጣበትን ክፍል በጅምር ትቶ፣ ምን እንደሚሞላበት ለቀራጮቹ ማስታወሻ ይጽፍና ወረቀቱን ወደ ኒው ዮርክ ይልካል።

ከዚያ በኋላ የሚጀምረው ሥራ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከንድፉ ያላነሰ ክብር የሚገባው ነው። ሥዕሉ ግራው ቀኝ፣ ቀኙም ግራ ሆኖ «ቦክስዉድ» ከሚባል እጅግ ጠጣር ዛፍ ግንድ አግድም በተቆረጠ ሰሌዳ ላይ ይገለበጣል። ቀራጩ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ሁሉ በስለታም መቅረጫ እየፋቀ ያነሣል፤ ያልተነካው መስመር ብቻ ቀለም ይይዛል። የዛፉ ግንድ ቀጭን ስለሆነ ሰፊው ሰሌዳ የሚገኘው ብዙ ቁራጮች ከበስተኋላ በብሎን ተጋጥመው ነው፤ ሥራው ሲያስቸኩል ብሎኑ ይፈታና እያንዳንዱ ቁራጭ ለየቀራጩ ይታደላል፤ ሌሊቱንም ሲቀርጹ አድረው መልሰው ያጋጥሙታል። መስመሮቹ በመጋጠሚያው ላይ እንዳይሳቱ የቀራጮቹ አለቃ አስቀድሞ በእጁ ያገናኛቸዋል። ይህን ዘዴ በአሜሪካ ካስፋፉት ዋነኛው በ1855 የራሱን ሥዕላዊ ጋዜጣ ያቋቋመው ፍራንክ ሌስሊ ነው። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ የሠዓሊው ንድፍ ሕይወቱን አጥቶ ደርቆ ቢገኝ፣ ጥፋቱን በቀራጩ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሠዓሊ ሁሉ ግን እንደ ዎድ በቦታው ተገኝቶ አይሥልም ነበር፤ ሠዓሊው ቶማስ ሞራን በ1871 ለ«ስክሪብነርስ» መጽሔት በሩቁ ምዕራብ ያለውን የየሎስቶንን ምድር ሲሥል ቦታውን ገና አላየውም ነበር፤ ሌሎች ካመጡት ሻካራ ንድፍ ነበር የሠራው። በዚያው ዓመት ግን ሄይደን የተባለ አጥኚ ከመራው የጥናት ጓድ ጋር ተጉዞ ገደሉንና ፍል ውኃውን በዓይኑ አየ። የውኃ ቀለም ሥዕሎቹና የዊልያም ጃክሰን ፎቶግራፎች ለአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) አባላት ታይተው፣ ማርች 1 ቀን 1872 ቦታው በሕግ የተጠበቀ ፓርክ ሆነ፤ ምክር ቤቱም የሞራንን ታላቅ የገደል ሥዕል በ10,000 ዶላር ገዛው። ያ ምድር ግን ሰው አልባ አልነበረም፤ የሾሾኒ፣ የባኖክና የክሮው ሕዝቦች ያድኑበት፣ ይመላለሱበትም ነበር፤ የዘመኑ አንባቢ ያደነቀው መልክአ ምድር ይህን አላስተማረውም።

በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ፎቶግራፍን በነጠብጣብ ከፋፍሎ ከፊደል ጋር የሚያትም ዘዴ ሲስፋፋ፣ አብዛኞቹ ቀራጮች ሥራቸውን አጡ። ሥራቸውን ካላጡት ጥቂቶች አንዱ ቲሞቲ ኮል በ«ሴንቸሪ» መጽሔት ተልኮ በ1883 ወደ አውሮፓ ተሻገረና የጥንት ሊቃውንትን ሥዕሎች በእንጨት መቅረጹን ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።