ከብረቱ ሥር ያለው ክፍተት

ገደል ጥግ ይዞ በተሠራ መንገድ የሚጓዝ ሰው ዳር ዳሩን የተዘረጋውን ብረት ሲያይ ልቡ ረጋ ይላል። መሐንዲሶች ጋርድሬል የሚሉት ይህ መከላከያ በእርግጥም ብዙ ነፍስ አትርፏል። ጥበቡ ግትር አለመሆኑ ላይ ነው። መኪና ሲጋጨው ቋሚዎቹ ይጎብጣሉ፣ ወይም ከአግዳሚው ይላቀቃሉ፤ አግዳሚው ደግሞ እንደ ጠፍር ተወጥሮ መኪናውን ይይዝና አቅጣጫውን አስተካክሎ ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። የግጭቱ ኃይል ብረቱን በማጣመም ስለሚያልቅ ተሳፋሪው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። በአውሮፓ ጋርድሬል የሚፈተነው ኢኤን 1317 በተባለው መለኪያ ነው፤ 900 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ 1,500 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንዲላተምበት ይደረጋል። እንደየደረጃው አውቶቡስና ከባድ የጭነት መኪናም ይሞከርበታል።

ሞተር ሳይክል ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የአውሮፓ ሞተረኞች ለዓመታት አደባባይ የወጡትም፣ ኋላም ከመሐንዲሶች ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ኩርባ ላይ ሚዛኑን የሳተ ሞተረኛ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ተለያይቶ አስፋልቱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሄልሜት ያጠለቀና ወፍራም የቆዳ ልብስ የለበሰ ሰው ከመንገዱ ዳር ገላጣ ሜዳ ካገኘ ከዚህ ተርፎ ሊነሣ ይችላል። ሜዳ በማግኘት ፈንታ ጋርድሬል ሲያገኝ ነው ጉዳዩ የሚለወጠው። የተለመደው ጋርድሬል ከመሬት ያለው ቁመት ወደ 75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አግዳሚው ብረት የሚሸፍነው የላይኛውን 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ከሥሩ ያለው ክፍት ነው። በዚያ ክፍተት ሰው ይገባል። እዚያም በየ2 ወይም በየ4 ሜትሩ የተተከሉ ቋሚዎች ይጠብቁታል፤ የአንዳንዶቹ ጠርዝ ስለታም ነው። የመኪና ክብደት ሲያርፍበት እንዲጎብጥ የተሠራ ቋሚ ደግሞ ለ80 ኪሎ ሰውነት አይበገርም። ያለውን ኃይል ሁሉ የሚቀበለው አንገት፣ ደረት ወይም እግር ይሆናል። የፈረንሳይ ሞተረኞች ይህን ብረት ጊሎቲን ብለው መጥራታቸው ማጋነን አይደለም።

ቁጥሩም ይህንኑ ያሳያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጋርድሬል ጋር በተፈጠረ ግጭት 224 ሞተረኞች ሲሞቱ በቤት መኪና ተሳፍረው የሞቱት 171 ነበሩ። በዚያ ዓመት በጋርድሬል ግጭት ከሞቱት ሁሉ 42 በመቶው ሞተረኞች ነበሩ ማለት ነው፤ በአገሪቱ ካለው ተሽከርካሪ ግን የሞተር ሳይክል ድርሻ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

ፈረንሳይ ውስጥ ጉዳዩን አንግቦ የተነሣው ማኅበር መጀመሪያ የተቋቋመው ግብርን ለመቃወም ነበር። መንግሥት በትልልቅ ሞተሮች ላይ ዓመታዊ ቀረጥ ሲጥል የተቆጡ ነጂዎች በየከተማው ሰልፍ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም የተቆጡ ሞተረኞች የፈረንሳይ ፌዴሬሽን የሚል ስም ይዘው ተደራጁ። ቁጣው ሰልፍ ላይ አልቀረም። የመድን ኩባንያዎች ለወጣት ሞተረኛ የሚጠይቁት ዋጋ አልቀመስ ሲል በ1983 አባላቱ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት የጋራ መድን ድርጅት አቋቋሙ። ዛሬም እየሠራ ነው። የመንዳት ሥልጠና የሚሰጥ ማኅበርም መሠረቱ። እኔ በእነዚህ ሰዎች ላይ የማደንቀው ይህን ነው፤ የጮኹበትን ጉዳይ ሁሉ ተከታትለው የሚሠራ ነገር አድርገው አቁመዋል።

የጋርድሬሉም ትግል በዚሁ መንገድ ሄደ። ከብዙ ውትወታ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 የፈረንሳይ የትራንስፖርት ሚኒስቴር አንድ መመሪያ አወጣ። በአውራ ጎዳናዎች ላይ ራዲየሳቸው ከ400 ሜትር ባነሰ፣ በሌሎች መንገዶች ደግሞ ከ250 ሜትር ባነሰ ኩርባዎች የውጪ ዳር ለሚተከል ጋርድሬል ከሥሩ የሞተረኛ መከላከያ እንዲደረግለት አዘዘ። ሞተረኛ የሚወድቀው በአብዛኛው ጠበብ ያለ ኩርባ ላይ ስለሆነ ልኩ በደንብ የተመረጠ ነው። መመሪያው ግን የሚመለከተው መንግሥት በቀጥታ የሚያስተዳድራቸውን መንገዶች ነበር፤ አብዛኛው የገጠር ኩርባ በየአውራጃው ምክር ቤቶች እጅ ነው። ስለዚህ የፌዴሬሽኑ ቅርንጫፎች የየአካባቢያቸውን ምክር ቤት አንድ በአንድ ማሳመን ነበረባቸው። ፖርቱጋል በበኩሏ በ2004 ጉዳዩን በሕግ ደነገገች።

ያም ሆኖ አንድ ትልቅ ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። ከሥር የሚታከለው ብረት በእርግጥ ሰው እንደሚያተርፍ በምን ይታወቃል? አምራቹ ደኅና ነው ቢል ማን ይለካዋል? መልሱን በመጀመሪያ በደንብ የሰጠችው ስፔን ናት። በ2005 የወጣው ዩኤንኢ 135900 የተባለው የስፔን መለኪያ የሰው ቁመናና ክብደት ያለው፣ ሄልሜትና የቆዳ ልብስ የለበሰ የሙከራ አሻንጉሊት ይጠቀማል። አሻንጉሊቱ በጀርባው ተኝቶ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ፣ በ30 ዲግሪ አንግል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ጋርድሬሉ ይወነጨፋል። አንድ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቋሚው፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ቋሚዎች መካከል። በጭንቅላቱና በአንገቱ ውስጥ ያሉ መለኪያዎች የደረሰበትን ኃይል ይመዘግባሉ። ከብረቱ ሥር ሾልኮ ከገባ ወይም አካሉ ከተቆረጠ መከላከያው ወደቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ምክር ቤት ፊት የሚቀርብ ሞተረኛ ከሐዘኑ በተጨማሪ የሚያሳየው የሙከራ ውጤት አገኘ።

መከላከያው ራሱ ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ከአግዳሚው ሥር ተንጠልጥሎ እስከ መሬት የሚጠጋ ለስላሳ የብረት ሰሌዳ ነው፤ ተንሸራትቶ የመጣው ሰውነት ሰሌዳውን ታክኮ ይሄዳል፣ ሰሌዳውም ትንሽ ይበገርለታል እንጂ ወደ ቋሚው አያሳልፈውም። ችግርም አለበት። በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች በረዶ ጠራጊ መኪናን ያስቸግራል፤ ውኃና ቆሻሻም ሊያግድ ይችላል። ተጨማሪ ብረት ማለት ደግሞ ጋርድሬሉ መኪናን የሚቀበልበትን ሁኔታ ሊለውጥ ስለሚችል የመኪናው ሙከራም እንደገና መደረግ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የጀርመን የአደጋ ተመራማሪዎች እንዳገኙት ከመከላከያ ጋር ከተጋጩት ሞተረኞች ግማሽ ያህሉ የሚጋጩት ሳይወድቁ፣ ሞተራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። እነዚህ ከአግዳሚው በላይ ይወረወራሉ፣ ወይም በላይኛው ጠርዝ ይቆረጣሉ። የታችኛው ሰሌዳ ለእነሱ ብዙም አይጠቅማቸውም፤ የስፔኑ ሙከራም አይለካቸውም።

የገመድ አጥርም ብዙ ንትርክ አስነሥቷል። ስዊድን ከ1998 ጀምሮ የመኪኖችን ፊት ለፊት ግጭት ለማስቀረት በብዙ መንገዶች መሃል የብረት ገመድ ዘርግታለች፤ ሞትም በእጅጉ ቀንሷል። ሞተረኞች ግን ገመዱ ሰው ይቆርጣል ብለው አጥብቀው ተቃወሙት፤ ኖርዌይም አዲስ የገመድ አጥር መትከል አቆመች። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሆኖም በ2011 በሦስት የአሜሪካ ግዛቶች 951 የሞተር ሳይክል ግጭቶችን የመረመረ ጥናት በገመዱና በተለመደው ጋርድሬል መካከል በከባድ ጉዳት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ለእኔ ይህ ጥናት ገመዱን ነጻ አያወጣውም፤ ተለማምደነው የማንፈራውን ጋርድሬል ከገመዱ ጎን የሚያቆም ነው። በሁለቱም ውስጥ በየጥቂት ሜትሩ የቆመ ቋሚ አለ።

በየአገሩ ያሉትን የሞተረኞች ማኅበራት የሚያስተባብረው በ1998 የተመሠረተውና ብራሰልስ የሚገኘው የአውሮፓ ሞተረኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ነው። የስፔኑን ሙከራ የሚመስል የአውሮፓ ቴክኒካዊ ሰነድ በ2012 ወጥቷል። ይህ ሰነድ ግን ሙሉ መለኪያ አይደለም፤ አገሮች ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል። ፌዴሬሽኑ ግዴታ እንዲሆን፣ ተቀምጠው ለሚጋጩትም ሙከራ እንዲወጣላቸው እየጠየቀ ነው። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ነጂውም ለዚያው መንገድ ግብር ይከፍላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው የኖርዌዩ ሥራ ነው። የአገሪቱ የመንገድ ባለሥልጣን በ2004 የሞተረኛን ደኅንነት ብቻ የሚመለከት መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ2008ም በቴሌማርክ አውራጃ ያለ አንድ መንገድ ሞተረኛን ታሳቢ በማድረግ ተስተካከለ። እዚያ የቀደመው ሥራ ብረት መጨመር አልነበረም። ከዳር ያሉ ድንጋዮችና የዛፍ ጉቶዎች ተነሡ፣ ቦዩ ተደልድሎ ለወደቀ ሰው መንሸራተቻ ሆነ፣ ኩርባውን የሚጋርዱ ቁጥቋጦዎች ተመነጠሩ። ጋርድሬል እንዲቆይ የተደረገው የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያም ከሥሩ መከላከያ ተደርጎለታል።